ቦታና ጊዜ ከወዴት ተገኙ?
የኳንተም ስበት ምርምርና የፍጥረት ትምህርታችን



በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩ ወጣቶች የሚያነሡት ጥያቄ ከአባቶቻቸው ጥያቄ እየተለየ መጥቷል። ቀድሞ ዓለም በስንት ቀን እንደ ተፈጠረ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ግን በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማረው ወጣት፣ «የሳይንስ ሰዎች ቦታና ጊዜ የነገሮች ሁሉ መሠረት አይደሉም፤ ከእነርሱ ከሚጠልቅ ሌላ ነገር የተገኙ ናቸው ይላሉ። ጊዜ ራሱ ከሌላ የተገኘ ከሆነ፣ ‹በመጀመሪያ› የሚለው የኦሪት ዘፍጥረት ቃል ምን ትርጉም ይኖረዋል?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መምህሩ «ይህ የከሓድያን ነገር ነው» ብሎ ቢዘጋው፣ ወጣቱ ከእውቀትና ከእምነት አንዱን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል፤ ከዚህም የተነሣ ቤተ ክርስቲያንን በዝምታ የሚተው አይጠፋም። በአንጻሩ መምህሩ «ሳይንስ እምነታችንን አረጋገጠልን» ብሎ ቢቸኩል፣ ሳይንሱ ነገ ሲለወጥ የወጣቱ እምነት አብሮ ይናወጣል። ስለዚህ ምርምሩ ምን እንደ ሆነ፣ እስከ ምን ድረስ እንደ ተረጋገጠና ከፍጥረት ትምህርታችን ጋር በምን እንደሚገናኝ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለት ታላላቅ ትምህርቶች

ከአልበርት አይንስታይን በፊት ቦታ እንደ ባዶ ቤት ይታሰብ ነበር፤ ዕቃው ይገባል፣ ይወጣል፤ ቤቱ ግን አይለወጥም። ጊዜም በሁሉ ዘንድ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚያልፍ ይመስል ነበር። አይንስታይን በ1915 ያቀረበው የአንጻራዊነት ትምህርት ይህን አሳብ ለወጠው። በእርሱ ትምህርት ቦታና ጊዜ ተጣምረው አንድ ነገር ይሆናሉ፤ ይህንንም የፊዚክስ ሰዎች ቦታ-ጊዜ ይሉታል። ፀሐይና ምድርን የመሰሉ ከባድ አካላት ቦታ-ጊዜን ያጎብጡታል፤ እኛ ስበት የምንለውም ይህ መጉበጥ ነው።

ይህ ነገር ከከተማችን የራቀ አይደለም። በ2015 የተመረቀው የጠፈር ምልከታ ጣቢያ የሚገኝበት የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው መስቀል አደባባይ ከዚያ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እጅግ ትክክለኛ የሆኑ ሁለት ሰዓቶች አንዱ በእንጦጦ፣ ሁለተኛው በመስቀል አደባባይ ቢቀመጡ፣ የእንጦጦው ሰዓት በየቀኑ የሴኮንድ ስምንት ቢሊዮንኛ ያህል ይቀድማል። ወደ ምድር በቀረቡ መጠን ስበቱ ስለሚበረታ፣ ጊዜ በዝቅተኛው ስፍራ በዝግታ ያልፋል። በ2010 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ33 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚበላለጡ ሁለት ሰዓቶች መካከል ይህን ልዩነት ለክተው አረጋግጠዋል። በስልኩ ካርታ መንገድ የሚፈልግ የካዛንቺስ ታክሲ ነጂም ሳያውቀው በዚህ ትምህርት ይጠቀማል፤ አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ ሳተላይቶች የተሸከሟቸው ሰዓቶች በየቀኑ የሴኮንድ 38 ሚሊዮንኛ ያህል ስለሚቀድሙ፣ ይህ ካልታረመ በአንድ ቀን ውስጥ የአሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስሕተት ይፈጠር ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ትምህርት የኳንተም ትምህርት ነው። ማክስ ፕላንክ በ1900 የጀመረው ይህ ትምህርት ስለ አተምና ከአተም ስለሚያንሱ ነገሮች ይናገራል። በእነዚያ ዘንድ ኤሌክትሮን እስኪለካ ድረስ «እዚህ ነው» ወይም «እዚያ ነው» ተብሎ በቁርጥ አይነገርለትም፤ የሚነገረው ምን ያህል ሊገኝ እንደሚችል ብቻ ነው። ይህም ትምህርት በብዙ ሙከራ ተረጋግጧል፤ ሬዲዮው፣ ስልኩና ኮምፒዩተሩ የሚሠሩት በእርሱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ላይ ማዋል ሲያስፈልግ ነው። ቦታ-ጊዜ ራሱ የኳንተምን ሕግ የሚከተል ከሆነ፣ «እዚህ» እና «እዚያ»፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ቁርጥነታቸውን ያጣሉ፤ ስሌቱም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል። ይህ የሚሆነው እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ መጠኑም የፕላንክ ርዝመት ይባላል። ትንሽነቱን ለመገመት፣ በአተም እምብርት ያለው ፕሮቶን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋ፣ የፕላንክ ርዝመት በዚያው ልክ ሰፍቶ ገና የዛሬውን ፕሮቶን ያህል ይሆናል። ሆኖም በዓለም መጀመሪያና ጥቁር ጉድጓድ በሚባሉት የሰማይ አካላት ውስጥ ሁለቱን ትምህርቶች ማስታረቅ ግድ ይላል። ይህን ዕርቅ የሚፈልገው ጥናት የኳንተም ስበት ምርምር ይባላል።

2. «ከሌላ የተገኘ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከጀበና የሚቀዳ ቡና ትኩስ ነው። ይሁን እንጂ ከቡናው ውስጥ አንዲት የውኃ ቅንጣት ብቻዋን ብትወሰድ፣ «ትኩስ ናት» ወይም «ቀዝቃዛ ናት» ሊባልላት አይቻልም። ቅንጣቲቱ ትንቀሳቀሳለች፤ ሙቀት ግን የአንዲት ቅንጣት ጠባይ ሳይሆን የእልፍ አእላፍ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ በኅብረት የሚያስገኘው ነገር ነው። እንዲህ ሲባል ሙቀት ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ አፍን የሚያቃጥል እውነት ነው። ነገር ግን የመጨረሻው መሠረት አይደለም። የፊዚክስ ሰዎች አንድ ነገር «ከሌላ የተገኘ ነው» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፤ ሐሰት ነው ማለታቸው አይደለም።

ከብዙ ቅንጣቶች ኅብረት ስለሚገኙ ነገሮች የሚያጠናው ክፍል ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ ይባላል። በአገራችን በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት ሊቃውንት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው፣ ከእስር በኋላ ወደ ትምህርታቸውና ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመልሰዋል፤ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርም ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነጻነት ላደረጉት ጥረት በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የተሰየመውን ሽልማት በ2012 ሰጥቷቸዋል። የእርሳቸው ጥናት ስለ ስበት አይደለም፤ ዳሩ ግን ብዙ ተማሪዎች ከእርሳቸው የተማሩት ይህ የሙቀት ትምህርት ዛሬ ለስበት ተመራማሪዎች ዋና መንገድ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄኮብ ቤከንስታይንና ስቲቨን ሆኪንግ ጥቁር ጉድጓድ ሙቀት እንዳለው በስሌት አሳዩ። ሙቀት ካለ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስገኙ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ሊኖሩ ይገባል። ነገር ግን ጥቁር ጉድጓድ በአንጻራዊነት ትምህርት የጎበጠ ቦታ-ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲያውስ የቦታ-ጊዜ «ቅንጣቶች» ምንድን ናቸው? በ1995 ቴድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሙቀት ሕጎች ተነሥቶ የአይንስታይንን የስበት ሕግ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ይህ ደግሞ ስበት እንደ ሙቀት ከሌላ የተገኘ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎቹ በልዩ ልዩ መንገድ ሄደዋል። የአርጀንቲናው ተወላጅ ሁዋን ማልዳሴና በ1997 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ስበት ያለበት አንድ ዓለም ስበት በሌለበትና በስፋት ልኬቱ አንድ ባነሰ ሌላ ዓለም በሙሉ ሊገለጥ እንደሚችል አመለከተ። በ2006 ሁለት ጃፓናውያን፣ ሪዩና ታካያናጊ፣ በዚህ መንገድ የቦታ ስፋት ከኳንተም ቁርኝት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። የኳንተም ቁርኝት ማለት ተራርቀው ሳለ የሁለት ነገሮች ሁኔታ በአንድነት ብቻ ሊገለጥ የሚችልበት ትስስር ነው። በ2010ም ማርክ ቫን ራምስዶንክ፣ ቁርኝቱ ሲላላ ቦታ ራሱ እንደሚሳሳና በመጨረሻም እንደሚቆራረጥ በስሌት አመለከተ። በሌላ ወገን አብሃይ አሽተካር በ1986 ከጀመረው ሥራ ተነሥተው ካርሎ ሮቬሊና ሊ ስሞሊን ባዳበሩት መንገድ፣ ቦታ እርስ በርስ ከተያያዙ ጥቃቅን ዘለላዎች እንደ መረብ የተሠራ ነው፤ መረቡ ግን በሌላ ቦታ ውስጥ የተዘረጋ አይደለም፤ ቦታ ራሱ መረቡ ነውና።

3. የሰፈር ምሳሌ

ይህ የመጨረሻው አሳብ ለመረዳት ያስቸግራል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ለማቅረብ እንዲረዳቸው ከሰፈራችን ምሳሌ እንውሰድ።

የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ ሲናገር ቁጥር መጥራት አልለመደም። «ከቶታሉ ወረድ ብሎ»፣ «ኡራኤል ሳይደረስ»፣ «ከእነ እገሌ ቤት ጀርባ» ይላል። አንዱ ቤት በሌላው ይታወቃል፤ ያም በሌላው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ በነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም ከተጠሩት ቤቶች፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» ነው። ቤቶቹ ነዋሪ ለዋወጡ፤ ጣሊያን ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ። ካዛንቺስን ካዛንቺስ ያደረገው ግንቡ ብቻ ሳይሆን ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የቡናው ጥሪ፣ የልቅሶውና የሠርጉ መረዳዳት ነበር። ሰፈር ማለት በአብዛኛው የዝምድናዎች መረብ ነው።

በ2024 መጨረሻ በከተማዪቱ የኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ከሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሲዛወሩ፣ ይህን እውነት በገዛ ሕይወታቸው ተረድተውታል። መሬቱ በካርታ ላይ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ይሁን እንጂ በር ለበር የነበሩ ጎረቤታሞች በተለያየ ዳርቻ ሲሰፍሩ ትናንት ቅርብ የነበረው ሩቅ ሆነ። ቅርብና ሩቅ የሚባለው በሜትር ብቻ ሳይሆን በትስስር ጭምር እንደሚለካ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ተመራማሪዎቹ ስለ ቦታ የሚሉት ይህን የመሰለ ነው፤ በመጀመሪያ ትስስር አለ፤ ቅርበትና ርቀት ከትስስሩ ይገኛሉ። ነገር ግን ምሳሌው የሚያበቃበትን ድንበር ለተማሪዎች መንገር ይገባል። ጎረቤታሞች ራሳቸው በቦታ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ የሚናገሩላቸው ጥልቅ ነገሮች ግን በምንም ቦታ ውስጥ አይደሉም። ይህን በዓይነ ኅሊና መሣል አይቻልም፤ በሒሳብ ብቻ ይነገራል።

4. እስከ ምን ድረስ ተረጋግጧል?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሰዓቶቹ ልዩነት በመሣሪያ ተለክቶ የተረጋገጠ ነው። ቦታና ጊዜ ከሌላ የተገኙ ናቸው የሚለው አሳብ ግን በሙከራ አልተረጋገጠም። ከላይ የተጠቀሱት መንገዶችም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። የማልዳሴና ስሌት ራሱ የሚሠራው እኛ ከምንኖርበት ዓለም በቅርጹ ለተለየ ዓለም ነው።

ይህ ማለት ግን ተመራማሪዎቹ ተረት ያወራሉ ማለት አይደለም፤ አሳባቸውን ለፈተና ያቀርባሉ። በ2009 ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከሰባት ቢሊዮን ዓመታት በላይ የተጓዘ የብርሃን ፍንዳታ ተመለከተ። ቦታ በጥቃቅን ዘለላዎች የተሠራ በመሆኑ ብርቱው ብርሃን ከደካማው ይዘገያል የሚሉ አንዳንድ መላ ምቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ብርሃናት ግን እጅግ ተቀራርበው ስለ ደረሱ፣ ከእነዚያ መላ ምቶች አንዳንዶቹ ወደቁ። በ2017 ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ ሁለት ጥቃቅን አካላት በስበት ብቻ ኳንተማዊ ቁርኝት ሊኖራቸው ይችል እንደ ሆነ የሚፈተንበትን ዘዴ አቅርበዋል። ስለዚህ መምህሩ «ሳይንስ ይላል» ከማለት ይልቅ «አንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ ገና አልተረጋገጠም» ቢል ለእውነት የቀረበ ይሆናል።

5. የአንድ ካህን ደብዳቤ

ቦታና ጊዜ በመጀመሪያ ትርጉም አልነበራቸውም የሚለውን አሳብ በዘመናዊው ፊዚክስ ቋንቋ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ የካቶሊክ ካህን እንደ ነበሩ ብዙ ምእመናን አያውቁም። እኚህ ሰው ቤልጅየማዊው አባ ጆርጅ ለሜትር ናቸው። በ1923 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ በ1927 ዓለም እየሰፋች መሆንዋን በስሌትና በምልከታ መረጃ አሳዩ። በግንቦት 1931 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጡ። በእርስዋም፣ ዓለም ከአንድ ኳንተም ጀምራ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ ቦታና ጊዜ የሚባሉት አሳቦች ትርጉም እንደማይኖራቸው፣ ትርጉም የሚያገኙት የመጀመሪያው ኳንተም በበቂ መጠን ከተከፋፈለ በኋላ ብቻ እንደሚሆን ገለጡ።

የዚህ ካህን ጥንቃቄም ለእኛ ትምህርት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በኅዳር 1951 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ የዓለም ጅማሬ ትምህርት ለፈጣሪ መኖር የሚመሰክር አድርገው አቅርበውት ነበር። አባ ለሜትር ግን ትምህርታቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንደ ሆነ፣ አማኙም የማያምነውም ሳይቸገሩ ሊይዙት እንደሚችሉ ያምኑ ነበር። አሳባቸውን ለቫቲካን የጠፈር ምልከታ ጣቢያ ኃላፊ ለአባ ዳንኤል ኦኮኔል አስረዱ፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስም በ1952 ለሥነ ከዋክብት ሊቃውንት ባደረጉት ንግግር ያን አገላለጽ አልደገሙትም። አባ ለሜትር ከ1960 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1966፣ የዚያው አካዳሚ ሊቀ መንበር ሆነው አገልግለዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1988 ለአባ ጆርጅ ኮይን በጻፉት ደብዳቤ፣ የነገረ መለኮት መምህራን ገና ያልበሰሉ የሳይንስ አሳቦችን ለእምነት መከላከያ ለማድረግ እንዳይቸኩሉ አስጠንቅቀዋል።

ሥራው ዛሬም አልተቋረጠም። የማኅበረ ኢየሱሳውያን አባል የሆኑት ካህን ጋብሪየሌ ጆንቲ በቫቲካን የጠፈር ምልከታ ጣቢያ በዚሁ በኳንተም ስበት ላይ ምርምር ያደርጋሉ። ጣቢያው በ2017 እና በ2024 አባ ለሜትርን በማስታወስ በካስቴል ጋንዶልፎ ባዘጋጃቸው ጉባኤያት አማኞችም የማያምኑም ሊቃውንት ስለ ጥቁር ጉድጓድና ስለ ቦታ-ጊዜ ተወያይተዋል።

6. መፈጠር ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ፤ ጊዜ ከሌላ የተገኘ ከሆነ «በመጀመሪያ» የሚለው ቃል ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት አባቶች ከፊዚክስ ብዙ ዘመን ቀድመዋል። ቅዱስ አጎስጢኖስ፣ እግዚአብሔር ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር ለሚሉት፣ ከፍጥረት በፊት «በፊት» የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ዓለም የተፈጠረው በጊዜ ውስጥ ሳይሆን ከጊዜ ጋር እንደ ሆነ አስተምሯል። ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው። በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤም እግዚአብሔር ከጊዜ መጀመሪያ አንሥቶ ፍጥረትን ሁሉ ካለመኖር ወደ መኖር እንዳመጣ መስክሯል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ዓለም ጅማሬ እንዳለው የምናውቀው በእምነት ነው፤ በአእምሮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ብሏል። ዓለም ጅማሬ ባይኖረው እንኳ ፍጡር ከመሆን አይወጣም ነበር፤ መፈጠር ማለት በመጀመሪያ መኖርን ከሌላ መቀበል ነውና። አጎስጢኖስ የጠቀሰው ጥንታዊ ምሳሌ ይህን ያስረዳል። አንድ እግር ከዘላለም ጀምሮ በትቢያ ላይ ቆሞ ቢሆን፣ አሻራውም ከዘላለም ጀምሮ በኖረ ነበር፤ ያም ሆኖ አሻራው የእግሩ ነው። እንግዲህ ፍጥረት ድሮ ተጀምሮ ያበቃ ድርጊት አይደለም። እግዚአብሔር ዛሬም ፍጥረትን በመኖር ይይዛል።

ይህ ከገባን፣ ስቲቨን ሆኪንግ ያነሣው ጥያቄ አያስደነግጠንም። ሆኪንግ ዓለም የጊዜ ጠርዝ የላትም የሚለውን አሳብ በመጀመሪያ ያሰማው በ1981 በቫቲካን በተደረገ ጉባኤ ላይ ሲሆን፣ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም ጠርዝ ከሌላት ለፈጣሪ ምን ስፍራ ይቀራል ሲል ጠይቋል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አልተቀየመችም፤ ከ1986 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2018፣ የጳጳሳዊው አካዳሚ አባል ነበር። መልሳችን ግን ግልጽ ነው፤ ፈጣሪ የሚያስፈልገው የጊዜን ጠርዝ ለመግፋት አይደለም። ቦታና ጊዜ ከኳንተም ቁርኝት ቢገኙ፣ ቁርኝቱና ሕጉ ለምን ኖሩ የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆያል። የፊዚክስ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ምንም» ብለው የሚጠሩትም ሕግ ያለው ነገር ነው፤ እኛ «ካለመኖር» ስንል ግን ሕጉም ቁርኝቱም የሌለበትን ማለታችን ነው።

በካዛንቺስ አጠገብ፣ በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሰፋ የመስተዋት ሥዕል አለ። በጣም ተጠግቶ ለሚያይ ባለ ቀለም ብርጭቆ ብቻ ይታየዋል፤ ራቅ ለሚል ግን ያለፈውንና የሚመጣውን የአፍሪካ ዘመን የሚናገሩ ሰዎች ይታዩታል። ሥዕሉ ከብርጭቆዎቹ ኅብረት የተገኘ ነው ማለት እውነት ነው። ብርጭቆው በምን እንደ ተቀለመ የሚያጠናም ሰው እውነተኛ እውቀት ያገኛል። ይሁን እንጂ ሠዓሊውን ከብርጭቆዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ባለማግኘቱም «ሠዓሊ የለም» ሊል አይገባውም። ሠዓሊው እንኳ ብርጭቆውን ከሌላ ተቀብሎ ሠራ፤ እግዚአብሔር ግን ብርጭቆውንም ብርሃኑንም የሚሰጥ ነው።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ የሚያስታውሰን ነገር አለ። «ዓለም» የሚለው የግእዝ ቃል ይህን የምንኖርበትን ስፍራ ያመለክታል፤ «ለዓለመ ዓለም» ስንል ግን ዘመንን ያመለክታል። ከዚህ ተነሥተን አባቶች የአይንስታይንን ትምህርት ያውቁ ነበር ብንል ከንቱ መመጻደቅ ይሆናል። ነገር ግን ስፍራውም ዘመኑም አብረው የአንዱ ፈጣሪ ፍጥረት መሆናቸውን በአንድ ቃል መያዝ እንደሚቻል ያሳየናል።

7. ለመምህራን

በመጀመሪያ፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃል ለፊዚክስ ማስረጃ አናድርግ። ለምሳሌ በዕብራውያን 11፥3 የሚታየው ከማይታየው እንደ ሆነ የተነገረውን ይዘን «ይህ ስለ ኳንተም ነው» ብንል፣ ሐዋርያዊውን ቃል ያልተናገረውን እናናግረዋለን። ሁለተኛ፣ ለተማሪ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት የጠየቀው ስለ አሠራሩ ነው ወይስ ስለ መኖሩ ምክንያት ብለን እንለይ። ሦስተኛ፣ በዚህ ትምህርት የሚማረክ ልጅ ብናገኝ በርታ እንበለው። ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 በጣሊያን አገር በትሪየስቴ ያቋቋመው ማዕከል፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ ልጆች ለከፍተኛ ፊዚክስ የበቁበት ነው። ከቂርቆስም እንዲህ ያለ ልጅ ቢወጣ፣ ከእምነቱ የራቀ መንገድ ጀመረ ብለን አንፍራ።

በመጨረሻም፣ ካለመኖር ስለ መፈጠር የሚናገረው ትምህርት መጀመሪያ የጸናው በሊቃውንት ክርክር እንዳልሆነ እናስታውስ። በ2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 7 ላይ ሰባት ልጆችዋ በዓይንዋ ፊት የተገደሉባት እናት፣ የመጨረሻውን ልጅዋን እግዚአብሔር ሁሉን ካልነበረበት እንደ ፈጠረ አስታውሳ ለሞት አጽንታዋለች። አሳብዋም፣ ካለመኖር ያመጣ አምላክ የሞተውንም ይመልሳል የሚል ነው። ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራው ሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስም፣ በትውፊታችን እንደሚነገረው፣ በፈላው ጋን ፊት የፈራችውን እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን አጽንቷል፤ በዚያ እናት ልጅን፣ በዚህ ልጅ እናትን።

ከሰፈራቸው ለተነሡት፣ ዘመድ ለተለያቸውና ትስስራቸው ለላላባቸው ወገኖቻችን ከዚህ ትምህርት የሚደርሳቸው ነገር ይህ ነው። ሰፈር ሊፈርስ ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ትክክል ከሆኑም ቦታና ጊዜ ራሳቸው የመጨረሻው መሠረት አይደሉም። እኛን በመኖር የሚይዘን ግን ሰፈሩም ጊዜውም ሳይሆን የሁለቱ ፈጣሪ ነው። በተበተንንበት ስፍራ ሁሉ እርሱ ለእያንዳንዳችን እኩል ቅርብ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሙቀት «ከሌላ የተገኘ» ሆኖ ሳለ እውነተኛ የሆነው እንዴት ነው? ይህስ ስለ ቦታና ስለ ጊዜ ምን ያስተምረናል?
2. የሰፈሩ ምሳሌ የሚረዳው በምንድን ነው? የማይረዳውስ የት ላይ ነው?
3. አባ ለሜትር ሳይንሳቸው ለእምነት ማስረጃ እንዳይሆን የተጠነቀቁት ስለምንድን ነው?
4. «ዓለም ተፈጠረች» በማለትና «ዓለም በዚህ ጊዜ ጀመረች» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
5. ከቁምስናችን ርቀው የሰፈሩ ቤተሰቦች ከእኛ ጋር ያላቸው ትስስር እንዳይላላ ምን ልናደርግ እንችላለን?